ስምንት ዓመት ያረጀው የጳጉሜን ማስተካከያ

ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ የጤና ሶፍትዌር ማስተባበሪያ ማዕከል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም ባልደረቦችዎም በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ፤ እኛ ዘንድ ጤና እንዴት እንደከረመ ከዚህ በታች ይረዱታል። ከጉንደ ወይን ወጣ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ።

አንደኛ፣ ስለላኩልን የነፍሰ ጡሮች መመዝገቢያ ፕሮግራም አመሰግናለሁ። መውለጃዋ ለደረሰ ሴት አምቡላንስ አስቀድሞ ያስመድባል፤ አሥራ ሦስተኛ ወር መኖሩን ስለማያውቅ ግን በጳጉሜን የሚወልዱትን ከዝርዝሩ ያወጣቸዋል። ይህን በሐምሌ ደርሼበት ኮዱን አስተካከልሁና፣ ደንቡ እንደሚያዘው ማስተካከያውን በኢሜይል ላክሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ፈጣን ምላሽዎ። በማግስቱ «ጊዜው ያለፈበት ስለሆነ ወደ አሮጌ መዛግብት ተዛውሯል» የሚል መልስ ደረሰኝ። ሦስት ጊዜ ላክሁ፤ ሦስቴም አረጀብኝ። የኢሜይሉን ራስጌ፣ መቼ ተልኮ በየት እንዳለፈ የሚመዘገብበትን፣ ከፍቼ መስመር በመስመር ሳነብ የቀኑ መስመር 2017 ይላል። ለካ ባለሙያዎችዎ ኮምፒውተሩን ሲያስረክቡን ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ሞልተው በይለፍ ቃል ቆልፈውታል፤ ኢሜይል ግን የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። መልእክቱን ያሳለፉት ሰርቨሮች የጻፏቸው መስመሮች ትክክለኛውን 2025 ይዘዋል።

ይህንኑ ለባለሙያዎ ለአቶ ዓለምነው በስልክ አስረዳኋቸው። «እሱን አናይም፤ ሥርዓቱ የሚያየው የላኪውን ቀን ነው» አሉኝ። የይለፍ ቃሉን ብለምናቸው «በማኅተም ጠይቅ» አሉ። በማኅተም ጠየቅሁ። ማስተካከያውን ከራሴ ስልክ ብልከው ያልተመዘገበ አድራሻ ተብሎ ተመለሰ። ያልጸደቀ ማስተካከያ መጫን ክልክል ነውና ጠበቅሁ። የሴቶቹን ስም በወረቀት ጽፌ ለአምቡላንሱ ሾፌር መስጠት እችል ነበር፤ አላደረግሁም። ይህ የእኔ ድርሻ ነው፤ ለእርስዎ አላካፍልም።

ሦስተኛ፣ ጳጉሜን 3 ቀን ያለምወርቅ የምትባል የሠላሳ ዓመት እናት ምጥ ያዛት። ስሟ ዝርዝሩ ላይ ስላልነበረ አምቡላንሱ መርጡለ ማርያም ሄዶ ነበር። ጎረቤቶቿ በቃሬዛ አመጧት። ሕፃኗ ተረፈች፤ እናቷ ደሟ አልቆም ብሎ ከሰዓት በኋላ አረፈች። ቃሬዛውን ካወረዱት አንዱ እኔ ነኝ።

የይለፍ ቃሉ መስከረም 9 ደረሰኝ፤ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ዓመቱን አስተካክዬ ብልከው ማስተካከያው በዚያው ሰዓት ጸደቀ። ለመጪው ጳጉሜን ዝግጁ ነን።

ለሥርዓትዎ መከበር ያለኝን አድናቆት በትሕትና እየገለጽሁ፣ ጊዜዎን ስለወሰድሁ ይቅርታዎን የምለምን፣

የሺዋስ ይታያል

ድኅረ ጽሑፍ፦ የያለምወርቅ ባል አዳሙ «የሚስቴን ስም ከዝርዝሩ ማን ነው ያወጣው?» ብሎ ጠየቀኝ። የእኔን ጥፋት ነገርሁት፤ የእርስዎንም አድራሻ ጻፍሁለት። ኢሜይል የለውም፤ ሰኞ ሕፃኗን ይዞ በአካል ይመጣል። እባክዎ ወንበር ይስጡት፤ መንገዱ ሩቅ ነው።