የሊሊ አገር ከማኅበር ወጣች

ሰኞ

ማዳም «የሺ፣ እስቲ ቁጭ በይ» ስትለኝ ሰው የሞተ ነው የመሰለኝ። ምሳውን ገና እያነሳሁ ነበር። በዚህ ቤት አምስት ዓመት ስሠራ ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብዬ አላውቅም። ሳህኑን እንደታቀፍኩ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ሊሄዱ ነው። ቅዳሜ። ለዕረፍት አይደለም፣ ጠቅልለው ነው።

ባሏ ሚስተር ዴቪድ የውሃ መሐንዲስ ነው። ለሚሠራበት ፕሮጀክት ገንዘብ የሚያወጣው የአውሮፓ አገሮች ማኅበር ነው። የእሱ አገር እንግሊዝ ከማኅበሩ ከወጣች ቆይታለች፤ እሱ ግን በድሮው ውል እየሠራ ነበር። አሁን ውሉ አለቀ። አዲሱ ውል ለማኅበርተኛ አገር ሰው ብቻ ነው። ለእሱ ይፈቀድለታል ብለው ሲጠብቁ ከርመው መልሱ ትናንት መጣ። አይፈቀድም።

በምችለው እንግሊዝኛ፣ «እኛ አገር ከዕድር የወጣ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክልለት የለም» አልኩት። ሳቀ። «ልክ እንደሱ ነው። ግን የሺ፣ እኔ አልወጣሁም። እንዳንወጣ ነው ድምፅ የሰጠሁት። አገሬ ናት የወጣችው» አለ።

ልጃቸው ሊሊ ጠረጴዛ ሥር ሆና ስትሰማ ነበር። «ማነው የሞተው?» አለች በአማርኛ። ዕድር፣ ድንኳን ስል ሰምታ ነው። እዚህ ቤት የገባሁት እሷ የአርባ ቀን ጨቅላ ሆና ነው። አሁን አምስት ዓመቷ ነው፤ አማርኛዋ ቁርጥ የእኔ የኮምቦልቻ አማርኛ። ማንም እንዳልሞተ ነገርኳት።

የሚያሳስበኝን ልጻፈው፣ ምናልባት ያንሳል፤

መኖሪያ ፈቃዴ በሚስተር ዴቪድ ስም ነው። እሱ ከሄደ በዚህ በሰው አገር ዋስ የለኝም።
የምተኛባት ክፍል እዚሁ ግቢ ናት።
ልጄ ሜሮን ኮምቦልቻ እናቴ ጋ ናት። አሥራ አራት ዓመቷ። ትምህርት ቤቷም የእናቴ መድኃኒትም ከዚህ ደመወዝ ነው።
ሊሊን ማን ያበላታል?

የመጨረሻውን ለምን እንደጻፍኩት እንጃ። እናት አላት አይደል።

ማክሰኞ

ኸምሲኑ፣ የበረሃው ትኩስ ነፋስ፣ ጀምሯል። መስኮቱን ብትዘጊው ትታፈኛለሽ፣ ብትከፍቺው አሸዋ ትበያለሽ።

ማዳም የምሠራበት ቤት አገኘችልኝ። እዚሁ ሄሮን ሰፈር ውስጥ፣ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ። ሴትየዋ ፈገግተኛ ናት፤ ቤቱ ንጹሕ፣ የሠራተኛ ክፍሏ ኤሲ አላት። ደመወዙም ከዚህ ይሻላል። ሁሉንም አሳይታኝ በሩ ጋ ስንደርስ፣ «ፓስፖርትሽ እኔ ጋ ይቀመጣል። ለደኅንነት ነው» አለችኝ።

አመስግኜ ወጣሁ።

ማዳም ተናደደች። «በአራት ቀን ውስጥ ከየት ሌላ ላምጣልሽ?» እውነቷን ነው። ግን ያኔ ነገርኳት፤ አምስት ዓመት ሙሉ ያልነገርኳትን። እዚህ ከተማ መጀመሪያ የገባሁበት ቤት ፓስፖርቴን ሁለት ዓመት ቆልፈውብኝ ነበር። አባቴ ያረፈው ያን ጊዜ ነው። ለምኜ፣ አልቅሼ፣ አልሰጡኝም። የአባቴን ለቅሶ እዚያው ልብስ እየተኮስኩ ጨረስኩት።

ማዳም ወጥ ቤቷ ወለል ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሻይ አፈላሁላት። ሥራ ያጣሁት እኔ፣ አጽናኟም እኔ።

ረቡዕ

ጠዋት ካርቲዬ 2 ሰፈር እትዬ አስናቀች ጋ ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያን ነው የምንተዋወቀው። አባታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ እሳቸው እዚሁ ተወልደው ሰባ ዓመት ሞላቸው። አማርኛቸው መሐል ፈረንሳይኛውም ሶማሊኛውም ይገባበታል፤ ሲቆጡ ሦስቱም አንድ ላይ። ካርቲዬ 2 ምግብ ቤት አላቸው፤ በቅርቡ ደግሞ ከከተማው ውጭ ፔካ 12 ለከባድ መኪና ሹፌሮች ሌላ ከፍተዋል። የዚያኛው ወጥ ሠሪ ልትወልድ አገሯ ገብታለች።

«ሙያሽን ልየው» አሉኝ። የምስር ወጥና ሽሮ ሠራሁ። ቀመሱ። ደግመው ቀመሱ።

«የሺ፣ ማነው የታመመው?»

«ማንም አልታመመም እትዬ።»

«ታዲያ ይሄ የማን ምግብ ነው? ሹፌር ከሚሌ ጀምሮ አቧራ ሲቅም መጥቶ ይሄን ባቀርብለት መኪናውን አዙሮ ይመለሳል!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ። ግን ልክ ናቸው። አምስት ዓመት ሙሉ በርበሬ ሲሸታት ለሚያስላት ልጅ ነው ያበሰልኩት። ድንች ፍጪ፣ ካሮት ቀቅዪ፣ ጨው ቀንሺ። እጄ ፈርቷል።

«አንድ ዕድል ይስጡኝ» አልኳቸው። ሽንኩርቱን እንደ እናቴ አቁላላሁ፣ በርበሬውን ሳልለካ። ከሰዓት በኋላ አቀረብኩ። ጎረሱ፣ ሳሉ፣ እንባቸውን ጠረጉ። «ዋ ያሃይ» አሉ። በሶማሊኛ እሺ ማለት ነው። «ይሄ ሰው ያበላል። ዋስሽ እኔ ነኝ። ፓስፖርትሽን ግን ራስሽ ያዢው፤ እኔ የራሴንም የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅ።»

ከምግብ ቤቱ ጀርባ ያለችውን ክፍልም ሰጡኝ። ታክሲ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ሾፌሩ በመስታወት ያየኝ ነበር።

ሐሙስ

ዛሬ የኖርኩትን የማውቀው እኔ ነኝ።

የመኖሪያ ፈቃድ ቢሮው ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ከስድስት በኋላ ከተማው በሙሉ ጫት ይዞ ወደ ቤቱ ነው። ዓርብና ቅዳሜ ዝግ፤ ቅዳሜ ደግሞ ሚስተር ዴቪድ አገር ውስጥ የለም። የሚለቀኝም የሚረከበኝም በአንድ ላይ ቀርበው መፈረም አለባቸው። ስለዚህ ዛሬ ካልሆነ የለም።

እኔና ሚስተር ዴቪድ በአራት ሰዓት ደረስን። እትዬ አስናቀች ግን ጠዋት ዕቃ ሊያደርሱ ፔካ 12 ሄደው ነበር። ስልክ ስደውል፣ «ፊቴም ኮንቴይነር፣ ኋላዬም ኮንቴይነር፣ ሁሉም ወደ ዶራሌ ወደብ ነው! እኔ ምን ላድርግ፣ ልብረር?» ይላሉ። አምስት ሰዓት ሆነ። አምስት ተኩል። ሚስተር ዴቪድ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ በሩ ጋ ይመላለሳል። ዕቃውን አልጫነ፣ ባንክ ቤት አልሄደ፣ ከእኔ ጋር ቆሟል። «ሂድ፣ ጉዳይ አለህ» ስለው፣ «ይሄም ጉዳዬ ነው» አለኝ።

ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን እትዬ አስናቀች መጡ። ደረጃው ሁለት ፎቅ ነው፤ ጉልበታቸው ደግሞ አይታዘዝላቸውም። ሚስተር ዴቪድ ቦርሳቸውን ተቀብሎ ክንዱን ሰጣቸው። በፈረንሳይኛ እየተጨዋወቱ እንደ ሙሽራ ወጡ።

ጸሐፊው ቁልፉን ይዞ ቆሟል። «እሑድ ኑ» አለ። እትዬ አስናቀች በሶማሊኛ ቀስ ብለው ያናግሩት ጀመር። ሁሉንም አልሰማሁም፤ የእናቱን ስም ሲጠሩ ግን ሰማሁ። ከእናቱ ጋር አንድ ሰፈር ነው ያደጉት። ሰውየው ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ተቀመጠ።

ሁለቱም ፈረሙ። ማኅተሙ አረፈ። የተሰጠኝ ለሦስት ወር የሚያገለግል ጊዜያዊ ወረቀት ነው። ዋናው ከዚያ በኋላ ይታያል አሉ። ሦስት ወር ግን ሦስት ወር ነው።

መኪና ውስጥ ሚስተር ዴቪድ፣ «እዚህ አገር ከፈረምኳቸው ሁሉ ደስ ብሎኝ የፈረምኩት ይሄን ነው» አለ። ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤ ፊቴን እንዳያይ።

ዓርብ

ካርቶን። ፕላስተር። ካርቶን።

የሚሄዱት እንግሊዝ የሚስተር ዴቪድ ወንድም ቤት ነው፤ ባሕሩ ጠርዝ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ፣ ፎቁ ላይ ሁለት ክፍል። ወንድምየው ሸርጣን አስጋሪ ነው። ከማኅበሩ እንውጣ ካሉት አንዱ እሱ ነው፤ በዚያ ተጣልተው ዓመታት አልተነጋገሩም ነበር። ማዳም ዕቃ ስንጠቀልል ነገረችኝ። ድሮ ሸርጣኑን ከነነፍሱ ጭኖ በማግሥቱ ፈረንሳይ ይሸጠው ነበር። አሁን የወረቀቱ ብዛት ድንበር ላይ መኪናውን ያቆመዋል፤ ሸርጣኑ መንገድ ላይ ይሞታል። ከሁለት ጀልባው አንዱን ሸጧል።

ዛሬ ሲደዋወሉ ሰማኋቸው። መጀመሪያ ሚስተር ዴቪድ ያዳምጥ ነበር። ከዚያ መሳቅ ጀመረ፣ ከልቡ። ማዳም፣ «ይኸው ሁለቱም ሥራ ሲያጡ ታረቁ» አለችኝ።

ከሰዓት ሊሊ ክፍሌ መጣች። ጣቷን እየቆጠረች፣ «የእማዬ ቲኬት አለ፣ የአባዬ አለ፣ የእኔ አለ። ያንቺስ?»

ማዳም ቀስ ብዬ እነግራታለሁ ብላ ነበር። ልጅ ግን አይጠብቅም። «እኔ አልሄድም ሊሊዬ። ሥራዬ እዚህ ነው» አልኳት።

አላለቀሰችም። «ውሸታም» አለችኝና ወጣች። እስከ ማታ አላናገረችኝም። እራቷንም እናቷ አበላቻት።

ቅዳሜ

የሊሊ ፓስፖርት ጠፋ።

ቦርሳው ተገለበጠ፣ የታሸገ ካርቶን ተቀደደ። ማዳም ትጮሃለች፣ ሚስተር ዴቪድ መኪናው ምንጣፍ ሥር ይፈልጋል። ሊሊ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ የክፍሌን በር ታያለች። አየኋት፣ ገባኝ። ክፍሌ ገባሁ። ፍራሼ ሥር ነበር።

እዚህ ደብተር ላይ አልዋሽም። ይዤው ቆምኩ። ትንሽ ጊዜ ነው፣ ሰላምታ እንኳ የማያስጨርስ። ግን ቆምኩ። ከዚያ ወጥቼ ለእናቷ ሰጠኋት፤ «አልጋ ሥር ወድቆ ነው» አልኩ። የማን አልጋ እንደሆነ ማንም አልጠየቀም።

ሊሊ ሮጣ መጥታ ሆዴን በቡጢ መታችኝ፤ ከዚያ እዚያው አቅፋኝ ቀረች። መኪና ውስጥ እስከ አምቡሊ ኤርፖርት ድረስ ጭኔ ላይ ነበረች። ኤርፖርቱ በር ላይ፣ «እንደምትመጪ፣ ሊሊ ትሙት በይ» አለችኝ። መሐላውን እኔው ነኝ ያስተማርኳት። በልጅ አይማልም። «በየእሑዱ እደውላለሁ» አልኳት። ይሄን እችላለሁ።

ማዳም አቀፈችኝ። ሚስተር ዴቪድ በአማርኛ «እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ። ማን እንዳስተማረው አውቃለሁ።

እሑድ

ፔካ 12። የመጀመሪያ ቀኔ። የመኪናው ጩኸት አያባራም፤ አቧራው ሽሮው ውስጥ እንዳይገባ ክዳን ይዤ ስታገል ዋልኩ። ምስሩ በሰባት ሰዓት አለቀ። እትዬ አስናቀች ባዶውን ድስት አይተው ለነገ ትልቁን ድስት አወጡልኝ፤ ለእሳቸው ይሄ ምስጋና ነው።

ለሊሊ ደወልኩ። ቅዝቃዜውን አማረረች፣ የአጎቷን ውሻ አመሰገነች፣ በመሐል ትታኝ ሮጠች። ደኅና ናት ማለት ነው።

አንድ ጠና ያሉ ሹፌር ሒሳብ ሲጠይቁ ንግግሬን ሰምተው፣ «አንቺ ልጅ፣ የኮምቦልቻ ነሽ?» አሉኝ። እሳቸውም የዚያው ናቸው። ነገ ጠዋት ተነሥተው በሚሌ፣ በባቲ አድርገው ኮምቦልቻ ይገባሉ። እዚያ ልጅ እንዳለችኝ ስነግራቸው፣ «የምትልኪው ካለ አምጪ፤ በእጇ አደርሳለሁ» አሉ። አምስት ዓመት ከሄሮን አጥር ውስጥ ሆኜ፣ እኔ ሰፈር የሚያድር መኪና በየቀኑ በዚህ እንደሚያልፍ አላሰብኩትም።

ለሜሮን ጫማ ልግዛ ብዬ ወጣሁ። ሻጩ «ስንት ቁጥር?» ሲለኝ አፌ ላይ የመጣው ሃያ ስምንት ነው። የሊሊ ነው። የልጄን አላውቀውም።

ሱቁ በር ላይ ቆሜ ደወልኩ። ሜሮን፣ «ለምንድነው እማዬ?» አለችኝ።

«ዝም ብለሽ ንገሪኝ።»

«ሠላሳ ስምንት።»

እግሬን አየሁት። እኩል ሆነናል። ተመልሼ ገባሁና ለእሷ የመረጥኩትን ጫማ ራሴ ለካሁት።