የመፈልፈያው ንቦች

ሰኞ

ንቦቼን ያባረራቸው ከድር ነው። የባሌ ታናሽ ወንድም፣ የቡና ማጠቢያው ዘበኛ። የታጠበውን ቡና ልጣጭ ቀፎዬ ከተሰቀለበት ዋንዛ ሥር አስደፋ። ቦካ፣ ሸተተ፣ ዝንብ ወረረው። ዛሬ ብሄድ ቀፎዬ ባዶ ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ የቀረኝ አንድ መንጋ ነበር።

"ንብ እንደ ሴት ነው እትዬ፤ ካኮረፈ ይሄዳል" ብሎ ሳቀ ከድር።

"እኔ አኩርፌ የት ሄድኩ?" አልኩት።

ማክሰኞ

ንብ ከውሃ አይርቅም። ደሴቷን ልዞራት ተነሳሁ። ደሴት የምላት ከአጋሮ በታች ወንዙ ለሁለት ተከፍሎ የሚከባት መሬት ናት። በግንድ ድልድይ ይገባባታል። ፊቷ ማጠቢያው ነው፤ ገንዳ፣ የቡና ማድረቂያ አልጋ፣ ጩኸት። ጀርባዋን ማንም አይረግጠውም። አሮጌው የቡና መፈልፈያ እዚያ ነው፤ ጂን አለበት ይላሉ። እኔ ያየሁት ጉሬዛ ነው፤ ጣሪያው ላይ ተቀምጦ ቁልቁል ያየኛል። የሾላ ሥር ግድግዳውን ሰንጥቆ ገብቷል። ልጅ ሆኜ እናቴ እዚህ ቡና ስትለቅም ሞተሩ መሬቱን ያንቀጠቅጠው ነበር።

ከቁጥቋጦው ሥር በድንጋይ የተሠራ ቦይ አገኘሁ። ውሃው ንጹሕ! የማጠቢያው ቆሻሻ አልደረሰበትም። ንቦች ይጠጡበታል። ሲነሱ በዓይኔ ተከተልኳቸው። በመፈልፈያው የተሰበረ መስኮት ገቡ።

ረቡዕ

ቁልፉ ከድር ጋ ነው። ለመንኩት፤ እየተነጫነጨ ከፈተልኝ። አሉ! ድሮ ቡና በሚፈስበት በማሽኑ አፍ ውስጥ ሰም ይሠራሉ። ነገ ሲመሽ ቀፎዬን አጥኜ አስገባቸዋለሁ።

"እስከዚያ እንዳትነካብኝ" አልኩት።

"ወላሂ አልነካቸውም። ብቻ ማሩ ሲደርስ እንዳይረሱኝ።"

ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ ነው። "ደስ አለኝ" ብዬ ስጽፍ ግን ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።

ሐሙስ

ቀፎውን በወይራ ጭስ አጥኜ ተሸክሜ ሄድኩ። ከድልድዩ ማዶ የጭነት መኪና ቆሟል። አሮጌ ብረት ገዢዎች ናቸው። ማሽኑ ተቆራርጦ ተጭኗል። የመፈልፈያው ወለል ጠቁሯል፤ ናፍጣ ይሸታል። ተንበርክኬ አውራዋን ንብ ፈለግሁ። ሁሉም አንድ ዓይነት ከሰል ሆነዋል።

"ሰዎቹ መነደፍ ፈሩ፤ አቃጠልኳቸው፤ እኔ ምን ላድርግ?" አለ ከድር።

"ምለህልኝ አልነበር?"

"ምያለሁ። መኪናው ግን እስኪመሽ አይጠብቅም። ንብ እንደሆን ሌላ ይመጣል፣ አቦ!"

ባዶውን ቀፎ ተሸክሜ ተመለስኩ።

ዓርብ

ከድር ከጁምዓ ሲመለስ በሬ ላይ ቆመ። "አሰላሙ አለይኩም፣ እትዬ" አለ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። እስከ ዛሬ ብናደድበትም እመልስለት ነበር፤ ሰላምታ መመለስ ግዴታ ነውና። ዛሬ ዓይኑን እያየሁ በሩን ዘጋሁት። ትንሽ ቆሞ ሄደ።

አላህ ዘንድ ወንጀል እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ከእንግዲህ የከድርን ሰላምታ አልመልስም።