ከበሩ ኋላ ማን አለ?

ነሐሴ 5

ዝናብ። የዩኒፎርም ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ እንደ ተራራ ተቆልሏል። አንዱን ኮሌታ ሰፋሁ፣ ፈታሁ፣ ደግሞ ሰፋሁ። እጄ እዚህ፣ ልቤ ሌላ ቦታ።

የኢህሳን ዕቃ ከዱባይ ደረሰ። የባሌ የወዚር እህት ናት፣ እሱን ከእኔ በላይ የምታውቀው። ለእናታቸው ለአዴ ቀመር ሻሽ፣ ለወንድሟ ጫማ፣ ለእኔ ሽቶ (ምን ማለቷ ይሆን?)፣ ለልጄ ለሰቢሪና ደግሞ የሚማሩበት ጌም። አረንጓዴ ነው፣ በሁለት እጅ የሚያዝ፣ ቁልፎቹ ትልልቅ። ኬጂ ሳትገባ ኤቢሲዲን ትጨርሰዋለች ብላ በስልክ ሳቀች።

ማንም ሳያሳያት ገባት። ቅርጹን ከቅርጹ፣ ቀለሙን ከቀለሙ... ወዚር ከአይሱዙው ወርዶ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ አጠገቧ ተቀመጠ። ማሻአላህ በሉ ይላል፣ ዓይን እንዳይገባባት። አልን።

ይሁን። ግን አራት ዓመት ከመንፈቅ ሆናት። የምትናገረው በጣት የሚቆጠር ነው፣ እሱም ግማሽ ግማሹ ብቻ። የጎረቤት ልጆች ቀኑን ሙሉ "አዮ፣ አዮ" እያሉ እናታቸውን ያደነቁራሉ። የእኔዋ የምትጠራኝ ቀሚሴን ጎትታ ነው።

ነሐሴ 7

ጌሙን ትነክሰዋለች። ምን ዓይነት አመል ነው?

አንድ ጨዋታ አለ። የተዘጋ በር ይታያል፣ ከበሩ ኋላ እንስሳ ይጮሃል፣ ከታች ሦስት ሥዕሎች አሉ። የጮኸውን ከነኩ በሩ ይከፈታል፣ ሙዚቃ አለ። ከሳቱ ውስጡ የምታወራው ፈረንጅ "ኦ-ኦ" ትላለች። ሰቢሪና እዚህ ስትደርስ ጌሙን አንስታ መንጋጋዋ ላይ ትለጥፈዋለች፣ ከዚያ ጥርሷን ታሳርፍበታለች። ምራቅ በምራቅ። ከዱባይ ድረስ የመጣ ዕቃ ነው እኮ። እጇን መታ አደረግኋት፣ ደግማ ነከሰችው፣ ደግሜ መታ አደረግኋት።

ከዚያ በኋላ ሳትነክስ ተጫወተች። "ኦ-ኦ"... "ኦ-ኦ"... እስኪመሽ። በግና ዶሮ ለይታ የማታውቅ ናት እንዴ? ከጓሮ ዶሮ ስታባርር የምትውል ልጅ?

ነሐሴ 12

ኬጂ ወሰድኳት። ሱሪዋንም ሸሚዟንም ራሴ ሰፍቼ፣ ፀጉሯን ሠርቼ።

ቲቸር ኢየሩስ ደግ ሰው ናት፣ ድምጿ ለስላሳ። ስሟን ጠየቀቻት፣ በአማርኛ። ዝም። በኦሮምኛ "መቃንኬ ኤኙ?" አለቻት። ዝም። ሰቢሪና የሴትዮዋን አፍ ታያለች፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ አፏን። ሌሎቹ ልጆች ስማቸውን እየተናገሩ ገቡ። አንዱማ የአባቱን ስልክ ቁጥር በቃሉ ወጣው።

ቲቸሯ አልጨከነችም። መስከረም መጨረሻ ላይ ደግሜ ልያት፣ ያን ጊዜም እንዲሁ ከሆነች ለከርሞ ትሞክሩታላችሁ አለችኝ። ለከርሞስ ብትናገር አይደል? በባጃጅ ስንመለስ እጇን ያዝኩ። እሷ መስኮት ታያለች፣ ደስ ብሏት። እኔ ነኝ የተቃጠልኩት።

ነሐሴ 13

ቤቱ ሁሉ ዳኛ ሆነ። ጎረቤታችን ማሚቱ ልጅ ሲዘገይ አንደበቱ ይጣፍጣል አለች። አዴ ቀመር ደግሞ ወዚርም በአምስት ዓመቱ ነው የተናገረው ብለው ማሉ። ከዚያ ዓይናቸው ጌሙ ላይ አረፈ።

"ዋንቲ ኩን፣ ይሄ ዕቃ ነው ምላሷን የበላው። ይሄ እያወራላት እሷ ለምን ታውራ?"

ጌሙ ከመጣ ገና ሳምንት ቢሆነው ነው፣ ልጅቱ ዝም ያለችው ከተወለደች ጀምሮ ነው። ማን ይንገራቸው? ወዚር እናቱ ከተናገሩ አለቀ። አንስቶ አይሱዙው ውስጥ ከተተው፣ እስክትናገር ብሎ። ስንዴ ሊጭን ወደ ጎሮ ሄደ፣ ጌሙም አብሮት።

እኔስ ለምን ዝም አልኩ?

ነሐሴ 14

ስታለቅስ ዋለች። ለልቅሶ ጊዜ ድምጿ የትም አልጠፋም።

ነሐሴ 19

ዛሬ አንድ ነገር... ልጻፈው፣ ካልጻፍኩት አላምነውም።

ስፌት መኪናውን ስረግጥ ሰቢሪና መጥታ ጉንጯን ጠረጴዛው ላይ አጋደመች። ሁሌም ታደርገዋለች፣ እንቅልፏ መጥቶ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ፊቷን አየሁት። ዓይኗ ፍጥጥ፣ ትስቃለች። መርገጤን ሳቆም ሳቋ ቆመ። ረገጥኩ፣ ሳቀች። አቆምኩ። ጠረጴዛውን በጥፍሯ ትቧጥጣለች፣ ቀጥይ ለማለት።

መንጋጋ። ጥርስ። ጠረጴዛ...

ከኋላዋ ቆሜ ስሟን ጠራሁ፣ ለሰው እንደሚወራ ቀስ ብዬ። አልዞረችም። ደገምኩ። አልዞረችም። ስጮህ ዞረች።

እኛ ቤት ማን ቀስ ብሎ ያወራል? አዴ ቀመር ጆሯቸው ስለደከመ ሁሉም ይጮሃል። ወዚር ሰላም ሲል አላፊ አግዳሚው ጠብ ይመስለዋል። በዚህ ጩኸት ውስጥ ነው ልጄ ስንጠራት ዞር እያለች ያደገችው። ማን ይጠርጥር?

ልብሴ ላይ መርፌ ሰክቼ እንደነበር ረስቼ ተቀመጥኩ፣ ወጋኝ። የእጄን ነው።

ነሐሴ 20

ወዚር ከጎሮ ተመለሰ። ገና ውኃ ሳይጠጣ ጌሙን አምጣ አልኩት። ደግሞ ጀመርሽ አለ። አምጣ አልኩ።

በሩ ያለበትን ጨዋታ ከፈትኩላት። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣው ስትጫወት "ኦ-ኦ"፣ "ኦ-ኦ"። ከዚያ እኔው ራሴ አንስቼ መንጋጋዋ ላይ አሳረፍኩላት። አየችኝ፣ እጄን አየች፣ መቼ ትመታኛለች ብላ። ሳልመታት ስቀር ሰማች... ጣቷን ላከች። ላም። በሩ ተከፈተ። ደግሞ፣ በግ። ተከፈተ። ደግሞ፣ ተከፈተ።

ወዚር ቆሞ ቀረ።

"ልጄን ደንቆሮ ልትዪያት ነው?"

"ወዚር፣ ልጅቱ በአጥንቷ ነው የምትሰማው። እኛ ደግሞ ስንመታት ከረምን።"

ወጥቶ ሄደ። አይሱዙውን ሲያጥብ ዋለ፣ ዝናብ እየዘነበ።

ነሐሴ 21

ወዚር ጠዋት፣ ሳልጠይቀው፣ ጎባ ልውሰዳችሁ አለ።

ነሐሴ 23

ጎባ። ሆስፒታሉ ወረፋ ብቻ ነው። ሰቢሪና ጌሙን አቅፋለች፣ ጥርሷን አሳርፋበት። አንዷ እናት ልጅሽ ዕቃ ትበላለች አለችኝ። ትብላ አልኩ።

ዶክተሩ ወጣት ነው። በትንሿ መብራት ቀኝ ጆሮዋን አየ፣ ግራውን አየ፣ ተመልሶ ቀኙን። ከዚያ መብራቷን አስቀምጦ ለእኛ ዞረ።

"ሁለቱም ተደፍነዋል። ኩኩ ደርቆ ጠጥሯል፣ ውስጡ ደግሞ ጥጥ አለ። የአንድ ቀን ጥጥ አይደለም። ማነው የሚከተው?"

ወዚር እኔን አየ። እኔም ወዚርን።

ማነው? አዴ ቀመር። ከአራስነቷ ጀምሮ፣ በታጠበች ቁጥር፣ ለጋ ቅቤ ሞቅ አድርገው ጆሮዋ ውስጥ ጠብ፣ ከላይ ጥጥ። የሮቤ ንፋስ እንዳይገባባት። እዚህ ያላደረገ ማን አለ? እኔም ተደርጎልኛል። ጠዋት ጥጡን የማወጣው ደግሞ እኔ ነበርኩ። አንዳንዴ አንዱን አጣዋለሁ፣ አልጋ ላይ ወድቋል እላለሁ። ተራግፎ የተነጠፈ አልጋ ላይ... አንድ ቀን እንኳ አግኝቼው አላውቅም። አልጠየቅኩም።

የሚያለሰልስ ጠብታ ሰጠን። ሲለሰልስ ይታጠባል አለ። ከሥር ያለውን ግን ሳላይ ቃል አልገባም አለ።

ነሐሴ 27

ጠብታ። ጠብታ። አዴ ቀመር ምን መድኃኒት ነው ይላሉ። የጆሮ አልኳቸው፣ ጮክ ብዬ። ቅቤውስ ምን ሆነና አሉ።

ልናገር? ዝም ልበል? ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ አፌን ከፍቼበት ነበር። እሳቸው ግን ይህችን ልጅ አዝለው ነው ያሳደጉልኝ፣ እኔ ዩኒፎርም ስሰፋ። ቅቤውን እንኳ ለራሳቸው አይበሉትም፣ ለእሷ ያስቀምጣሉ። በምን አፌ? እዞራለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ እዞራለሁ።

ጳጉሜ 1

ታጠበ። ወዚር ጭንቅላቷን ያዘ፣ እኔ እግሯን። ቡናማ ነገር፣ ከዚያ ጥጥ፣ ከዚያ ሌላ ጥጥ። ሳህኑን ማየት አቃተኝ።

ዶክተሩ ቀኙ ደህና ነው አለ። ግራው ታምቡሩ ቆስሏል፣ ከወር በኋላ ይታያል፣ ጥሩ ላይሆን ይችላል።

ቤት ስንደርስ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። የሮቤ ልጅ ናት፣ ዝናብ ስታይ ነው ያደገችው። ግን በሁለት እጇ ጆሮዋን ይዛ ጣሪያውን ቀና ብላ አየች፣ ሊወድቅባት እንደሆነ ሁሉ፣ ጮኸችም። ወዚር አቅፏት ወደ ግድግዳው ዞረ። ሲያለቅስ እንዳላየው ነው። አየሁት።

መስከረም 2

ለአዴ ቀመር ነገርኳቸው። ስንት ቀን ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ፣ ሁሉም ጠፋ። ጥጥ ነው አልኳቸው፣ ከውስጥ የወጣው ጥጥ ነው።

"ያ ረቢ... ብርድ እንዳይነካት ብዬ" አሉ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ሻሻቸው አስገብተው ከራሳቸው ጆሮ ጥጥ አወጡ። ከአንዱ፣ ከሌላውም። መዳፋቸው ላይ አድርገው ያዩታል።

"እኔንም ውሰጂኝ" አሉ።

የተናደድኩት የት ሄደ? እጃቸውን ሳምኩ። ጥጡን እኔ ጣልኩት።

መስከረም 26

ቲቸር ኢየሩስ ደግማ አየቻት። "ስምሽ ማነው?" ሰቢሪና አፏን አላየችም፣ ዓይኗን አየቻት። "ቢና" አለች። ግማሽ ነው። ትግባ አለች ቲቸሯ፣ እየሰማች ግማሹን ታመጣዋለች። ቀኝ ጆሮዋ ወደ ቲቸሯ ሆኖ ከፊት እንድትቀመጥ ለመንኳት።

ጥቅምት 1

ግራው እንደፈራነው ነው። አዲስ አበባ ይታይ ተባልን። እንሄዳለን። ወዚር ቤት ሲደርስ ቀስ ብሎ ሰላም አለ። በዚህ ቤት ቀስ ተብሎ ሰላም ሲባል የመጀመሪያው ነው።

ጥቅምት 6

ፀሐይ። ኮሌታ አልፈታሁም።

ጌሙ መደርደሪያ ላይ ነው። ድምፁን ራሷ ትቀንሰዋለች፣ በዛብኝ ብላ ነው መሰለኝ። ዛሬ ጭራሽ ትታው ጓዳ ገባችና በሩን ዘጋችብኝ። ከውስጥ "ባ" የሚል ድምፅ።

ገባኝ። ዶሮ ናት አልኩ። "ኦ-ኦ" አለች። አዴ ቀመር ሳቁ፣ ሰምተው። ደግሞ "ባ"። በግ ናት አልኩ፣ በሩን ከፈትኩ፣ ዘለለች። ደግማ ዘጋችው።

ላም ሆነች፣ ውሻ ሆነች። መርፌዬ እጄ ላይ ነው፣ ሥራዬ ቆሟል፣ ደንበኛ ይጠብቃል። ይጠብቅ።

ከዚያ ዝም አለች። ምን እያሰበች ነው? ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። ከዚያ ማዶ፣ ቀስ ብላ፣

"አዮ።"

እጄ መያዣው ላይ ነበር። አልከፈትኩም። እንድትደግመው።