እንግዴ ልጁ የላከው መልእክት

ሆሳዕና፣ ኅዳር 12 ቀን 1975 ዓ.ም.

አዲሱን የእርግዝና መመርመሪያ ዛሬ በላቦራቶሪያችን ለመጀመሪያ ጊዜ ሞከርኩት። ከጊምቢቹ የመጣችው ወይዘሮ አማረች ካገባች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ልጅ አልወለደችም። ሽንቷን ከመድኃኒቱ ጋር መስታወት ላይ ቀላቅዬ አወዛወዝኩት። ድብልቁ ከጓጎለ እርግዝና የለም ማለት ነው። አልጓጎለም፤ እንደ ወተት ለስልሶ ቀረ። ደገምኩት፤ ያው ነው። ገና በቅጡ ያልተሠራ እንግዴ ልጅ ሆርሞኑን በደሟ ወደ ሽንቷ ልኮ እዚህ ድረስ መናገሩ እስካሁን ይደንቀኛል።

ስነግራት አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። «ዶክተር፣ ለማንም እንዳይነግሩብኝ። ባሌ ከእኔ አፍ ይስማ» አለችኝ። ዶክተር አይደለሁም፤ ግን አላረምኳትም።

ባሏ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። «ምን አገኛችሁባት?» አለኝ።

«ራሷ ትንገርዎት» አልኩት። ፈገግታዬን ግን መደበቅ አቃተኝ። ፊቴን ትክ ብሎ አየና ወደ ውስጥ ሮጠ።