የወይዘሮ በለጠች ጋረደው አንቱታ

ወይዘሮ በለጠች ጋረደው ከአባታቸው ከአቶ ጋረደው ውቤና ከእናታቸው ከወይዘሮ ደብሪቱ አየልኝ በ1956 ዓ.ም. በጎንደር ክፍለ ሀገር፣ በጭልጋ አውራጃ፣ ከአይከል ከተማ ወጣ ባለች የገበሬ መንደር ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ አይከል በሚኖሩት አክስታቸው ቤት ተቀምጠው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። ከዚያም በላይ ለመቀጠል ይፈልጉ ነበር፤ ዘመኑ አልፈቀደላቸውም። በ1977 ዓ.ም. ጦርነቱና ድርቁ ሲበረታ ከመንደራቸው ሰዎች ጋር በመተማ በኩል ድንበር ተሻግረው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገቡ።

በገዳሪፍ መጀመሪያ በሰው ቤት፣ ቀጥሎም በሐጂ ሱሩር የሰሊጥ መጋዘን በአበጣሪነት ተቀጠሩ። በ1981 ዓ.ም. ከአቶ ሰማኸኝ ይርጋ ጋር ጋብቻ መሥርተው ፅናትን፣ ፊሊጶስንና ሶሊያናን ወለዱ። አቶ ሰማኸኝ በኒው ሀልፋ የሸንኮራ እርሻ ይሠሩ ስለነበር የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፉት እዚያው ነበር። ቤቱን የያዙት ወይዘሮ በለጠች ነበሩ።

በ1987 ዓ.ም. ወላጆቻቸውን ከአገር ቤት አስመጡ። እናታቸው በመጡ በዓመቱ አረፉ። የአባታቸው ዓይን ጠፍቶ፣ እጃቸውም ይንቀጠቀጥ ስለነበር ያለ አጉራሽ መብላት አይችሉም ነበር። ወይዘሮ በለጠች ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው አባታቸውን ያጥባሉ፣ ያጎርሳሉ፤ ልጆቹ ሳይነቁ ወደ መጋዘኑ ይሄዳሉ። ወደ ማታ ሲመለሱ ልብሳቸውን ከሰሊጥ ብናኝ አራግፈው መጀመሪያ ልጆቹን አብልተው ያስተኛሉ፣ ከዚያ ወደ አባታቸው ይዞራሉ። የቀኑን ምግብ የምታጎርሳቸው ግን ከዐረብኛ ትምህርት ቤት የምትመለሰው የመጀመሪያ ልጃቸው ፅናት ነበረች።

ችግሩ በዚህ በኩል መጣ። ልጆቹ ውሏቸው በዐረብኛ ነው። በዐረብኛ ደግሞ አያትም ጓደኛም ያው “ኢንታ”፣ አንተ ነው። በ1989 ዓ.ም. የሰባት ዓመቷ ፅናት ኪስራውን፣ የሱዳኑን ስስ እንጀራ፣ በወጥ እያጠቀሰች አያቷን “አባባ፣ ብላ” አለቻቸው። አቶ ጋረደው በአገራቸው ስንት ባለደም ያስታረቁ፣ የገዛ ሚስታቸው እንኳ አንቱ የሚሏቸው ሰው ነበሩ። አፋቸውን ዘጉ። በማግስቱም እንደዚሁ። ማታ ከወይዘሮ በለጠች እጅ ብቻ ይጎርሳሉ፤ ሰውነታቸውም እያለቀ ሄደ። ወይዘሮ በለጠች ቀን እየመጡ ለማጉረስ ፈቃድ ቢጠይቁ፣ አሠሪያቸው ከፈለጉ ቤታቸው መዋል እንደሚችሉ፣ በቦታቸው ግን ሌላ ሴት እንደምትገባ ነገሯቸው። ሥራውን ቢተዉ ልጆቹ ከትምህርት ሊቀሩ ነው፤ ቢይዙት አባታቸው በረሃብ ሊሞቱባቸው ነው።

ሕፃን ናት ብለው አባታቸውን ለመኑ። አቶ ጋረደው ሕፃንነቷን እንደሚያውቁ፣ በስተርጅና ግን አንተ ተብለው እንደማይጎርሱ ተናገሩ። ወይዘሮ በለጠች ልጆቹን ሰብስበው “አንቱ” ማለትን አስጠኑ። ፅናትም በማግስቱ የተማረችውን ይዛ ቀረበችና “አንቱ፣ ብላ” አለች። ይኼኛው ከፊተኛው ባሰ። ሽማግሌው ሹፈት መሰላቸውና ሳህኑን ገፉት። ልጅቷ አለቀሰች። እኛ ዘመዶቻቸው ይህን ስንሰማ በሳቅ ፈረስን፤ ወይዘሮ በለጠች አልሳቁም።

የገባቸው ነገር ነበር። ልጆቹ አንቱታን በጆሯቸው ሰምተውት አያውቁም። እናታቸው ከአያታቸው ጋር የሚነጋገሩት ልጆቹ ሳይነቁ ወይም ከተኙ በኋላ ነው፤ አያታቸው ደግሞ ሁሉንም የሚጠሩት አንተና አንቺ እያሉ ነው። ስለዚህ ወይዘሮ በለጠች የገዛ ልጆቻቸውን አንቱ ማለት ጀመሩ። “ፅናት፣ እግርዎን ታጥበዋል?” ይላሉ። ገና ለምትድኸው ሶሊያና ሳይቀር “አያልቅሱ” ይላሉ። አቶ ሰማኸኝ ከኒው ሀልፋ በመጡ ዕለት ከግቢው በር ላይ “ጫማዎን አውልቀው ይግቡ” ሲባል ሰሙና ትልቅ እንግዳ ያለ መስሏቸው የሸሚዛቸውን ቁልፍ ቆላልፈው ገቡ። የተባለው ለአራት ዓመቱ ፊሊጶስ ነበር። ጎረቤቱም ቤቱን “የአንቱዎች ቤት” አለው።

ክረምቱ ሳይገባ ፅናት “አባባ፣ ይጉረሱ” አለች። አቶ ጋረደው ጎረሱ፤ ጎርሰውም “እደጊ” ብለው መረቋት። በ1998 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ከልጅ ልጆቻቸው እጅ በሉ። ወይዘሮ በለጠችም ከሥራቸው ሳይፈናቀሉ ቆይተው የመጋዘኑ አበጣሪ ሴቶች አለቃ ሆኑ። ፅናትን ወደ ከሰላ ከተማ ልከው በነርስነት አስመረቁ፤ ፊሊጶስም የባለሦስት እግር ሪክሻ ባለቤት ሆነ።

አባታቸው ካረፉ በኋላ ልጆቻቸውን ወደ አንተና አንቺ ይመልሳሉ ብለን ጠብቀን ነበር። አንደበታቸው ግን ለምዶ ቀረ። ልጆቹም እናታቸውን አንቱ ማለት ለምደው ነበር። በቤቱ ጠብ አልነበረም፤ ግን አንድ ነገር ጎድሎ ነበር። ሶሊያና ልጅ ሳለች የጓደኞቿ እናቶች ልጆቻቸውን “አንቺ ጅል፣ ነይ ልሳምሽ” ሲሉ እየሰማች፣ እናቷ የማይወዷት ይመስላት እንደነበር አሁን ነግራናለች። ከፍ ካለች በኋላም ይህ ስሜት አልለቀቃትም።

ወይዘሮ በለጠች በ2007 ዓ.ም. በኩላሊት ሕመም አልጋ ያዙ። ሶሊያና የሱቅ ሥራዋን ትታ አስታመመቻቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሾርባ እያጠጣቻቸው በልቧ የኖረውን አወጣችው።

“እማ፣ አንድ ቀን እንኳ አንቺ ይበሉኝ።”

ወይዘሮ በለጠች ጥቂት አሰቡና “እሺ ልጄ፣ እንዳሉ” አሉ።

ሁለቱም የተባለውን ሲሰሙ ሾርባው እስኪደፋ ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ወይዘሮ በለጠች “ለእናንተ የሚሆነውን አንደበት ወስጄ ለአባቴ ሰጠሁት። ምን ላድርግ?” ብለው እጇን ያዙ። ደግመው ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም።

በተወለዱ በ52 ዓመታቸው ጥቅምት 14 ቀን 2008 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ። ባለቤታቸው አቶ ሰማኸኝ፣ ሦስት ልጆቻቸውና ሁለት የልጅ ልጆቻቸው ከእኛ ከዘመዶቻቸው ጋር እዚህ ቆመዋል። ላስታመማችሁና ለቀበራችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል።

ይህ ጽሑፍ እንደ ወጉ በአንቱታ ተጻፈ። የመጨረሻውን ቃል ግን ልጆቻቸው ለራሳቸው አስቀርተውታል፤ እንዳሉት እናነበዋለን፦

እማ፣ ለሁላችንም ደርሰሻል። አሁን ደክሞሻል፤ እረፊ። ነፍስሽን እሱ በእጁ ያጉርስልን።