ቦምቡን ላየው ሰው የተወለደች የልጅ ልጅ

ለወንድሜ ለኦራዝቤክ፣

ጋሼ፣ ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? የነዳጅ ጉድጓዱ ሥራ አልከበደህም? እኛ ደህና ነን፤ ብርዱ ቀድሞ ገብቶ በጎቹን ከማስቸገሩ በቀር ክፉ ነገር የለም።

ዝም ያልኩህ አርግዤ ስለነበር ነው። ታላቃችን ሳፓር አካሉ ጎድሎ ተወልዶ በልጅነቱ ዓይናችን እያየ ከሞተ ወዲህ፣ የልጅ ወሬ ሲነሣ ተነሥተህ እንደምትወጣ ስለማውቅ እስክገላገል ጠበቅሁ።

አማቴ ኩልያሽ እንደሰሙ፣ «አባትሽ በግ ሲጠብቅ፣ ሜዳው ላይ የተሞከረውን የአቶም ቦምብ ደመና ቆሞ ያየ ሰው ነው፤ ደሙ አንቺ ውስጥ አለ፤ አስወርጂው» አሉኝ። ባሌ ቶለገን በጎቹን ልይ ብሎ ወጣ። ሰንበት ብለው ደግሞ፣ ጨረሩን ያጥባል እያሉ የኮመጠጠ የባዝራ ወተት ያቀርቡልኝ ጀመር።

ወደ ሴሜይ ከተማ ስሄድ ራውሻን የምትባል ሐኪም አየችኝ። ወተቱን ስነግራት ሳቅ አለችና፣ «ጨረር የሚያጥብ ነገር የለም፤ እሱ ደግሞ ያሰክራል፤ ተዪው» አለችኝ። ሰውነት ራሱ የተጎዳውን ዘር እንደሚጠግን፣ ካልተጠገነውም ብዙው ለመወለድ እንደማይደርስ ነገረችኝ። ስለ ሳፓር ስጠይቃት፣ «እናትሽ እሱን አርግዛ ሳለች የቦምቡ አቧራ ደርሶባት ከሆነ ያ ሌላ ነው፤ ከአባት የሚወረስ ሌላ ነው። ቦምብ ከወረደባቸው ሰዎች፣ ከቦምቡ በኋላ የተረገዙ ልጆች ለዓመታት ሲመረመሩ፣ ከሌላው ልጅ የተለየ ጉዳት አልታየባቸውም» አለች። ማይልኝ ስላት ግን አልማለችም። ፎሊክ አሲድ የሚባል ለፅንስ የሚበጅ ክኒን ሰጥታ፣ ፅንሱን በአልትራሳውንድ አይታ፣ «የሚታይ ጉድለት የለም፤ ከዚህ በላይ የማውቀው የለኝም» አለችኝ። ለቶለገን እንዳለ ነገርኩት። «እንግዲህ ይወለድ» አለ፤ ለእናቱም የተናገረ እሱ ነው።

ሴት ልጅ ተገላገልኩ። አማቴ ጨርቁን ገልጠው ጣቶቿን፣ ጆሮዋን፣ ጀርባዋን አዩ፤ መልሰው ሸፈኗትና ለእንግዳ በግ ይታረድ አሉ። ስሟን ናዚራ ብለናታል።

ቶለገን ሰላም ይልሃል። አማቴም ወገብህን በበግ ጠጉር እሰር ብለዋል። አባታችን ዓይናቸው ደክሟል፤ ናዚራን በእጃቸው ዳብሰው አለቀሱና፣ ለኦራዝቤክ ጻፊለት አሉኝ።

ልጅ አልወልድም ብለህ የተውካት ማክፓልም ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር፤ እስካሁን አላገባችም። ሕፃኗን ብዙ ሰዓት ታቅፋ ቆየች። ሰላምታ አልላከችልህም። ስትወጣ ግን ደጅ ላይ ቆም ብላ፣ «ሐኪሟ ያለችሽን ሁሉ ጻፊለት» አለችኝ። ይኸው ጽፌልሃለሁ።

እህትህ ባልዠን
ቃራሱ መንደር፣ ኅዳር 1999 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር