አጥንቴ ውስጥ የቀረው ጥርስ

ይድረስ ለአባቴ፣

አፈር ከለበሱ ዓመት ሞላዎት። ሙት ዓመትዎ ሲታሰብ ዘመድ ሁሉ ጠላውን እየጠጣ ስለ ደግነትዎ ሲያወራ ዋለ። እኔ አንድም ቃል አላወጣሁም። ስናገር አፌ ስለሚጣመም ዝምታዬን ማንም አልታዘበውም።

ቀኝ ጉንጬ ሲያብጥ ገና ልጅ ነበርኩ። ሕመም አልነበረውም። እናቴ ለምናው ያየኝ በአዳማ ጣቢያ ባቡር ይጠብቅ የነበረ ፈረንጅ ሐኪም ነው። መንጋጋዬን በአውራ ጣቱ ሲጫነው እንደ እንቁላል ቅርፊት ቀጭ ቀጭ አለ። "አንድ ጥርሷ ሳይወጣ አጥንቷ ውስጥ ቀርቷል፤ ዙሪያውን ውኃ የቋጠረ ከረጢት ሠርቷል" አለ በአስተርጓሚ። "አሁን በአፏ በኩል ይወጣል። ከቆየ ግን ወደ ክፉ እጢ ሊለወጥ ይችላል።"

እርስዎ ምን አሉ? "ለባል የታጨችን ልጅ ፊት ለቢላ አልሰጥም!" እናቴ በአፏ በኩል እኮ ነው ብላ ብትለምንዎ፣ "ዝም በይ!" አሏት።

እሷ ዝም አለች፤ እብጠቱ ግን ማደጉን አልተወም። ቡጢ አክሎ ፊቴን ሲያጣምመው ያ የኬላ ሹም እጮኛዬ ሌላ አገባ። እርስዎም እንግዳ ሲመጣ "ጓዳ ግቢ" ይሉኝ ጀመር። ለከብት ግዢ ወደ ደራ ገበያ በሄዱበት ሳምንት እናቴ ደፍራ በባቡር አዲስ አበባ ሐኪም ቤት አደረሰችኝ። ከረጢቱ ክፉ እጢ ሆኖ ስለነበር የቀኝ መንጋጋዬን እኩሌታ ቆርጠው አወጡት። ጥርሴን በሳህን አሳዩኝ፤ ነጭ፣ አንድ ቀን እንኳ ያላኘከ።

ስመለስ ቀና ብለው አላዩኝም። ንዳድ ሲጥልዎ፣ ፊደል ያስቆጠሩኝ እርስዎ ነዎትና ዳዊት ላነብልዎ አጠገብዎ ተቀመጥኩ። "ድምፅሽ አይገባኝም፤ ሌላ ሰው ጥሩልኝ" አሉ። ከእጢው ይልቅ ያመመኝ ይህ ነው።

ዘንድሮ የታናሽ እህቴም ጉንጭ አበጠ። አጎቴ "አባቷ ቢኖሩ አይፈቅዱም" አለኝ። "የሉም" አልኩትና ወሰድኳት። ከረጢቱ ከነጥርሱ በአፏ በኩል ወጣ፤ ፊቷ ላይ ጠባሳ የለም። ትናንት የበቆሎ እሸት ስትግጥ ቁጭ ብዬ አየኋት። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ በእርስዎ ላይ ንዴቴ እንደ አዲስ ነደደ።

ልጅዎ ነኝና ስምዎን በጸሎት አስጠራለሁ። ይቅርታውን እግዚአብሔር ይስጥዎ፤ እኔ ዘንድ ገና የለም። ትረሳኛለች ብለው ግን አይስጉ። ማዕድ በቀረበ ቁጥር፣ በግራ መንጋጋዬ ብቻ እያኘክሁ፣ አስታውስዎታለሁ።

ልጅዎ በላይነሽ